አንዱ ፋይበር ሞልቶ ሌላው ባዶ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። የሰርቨር ክፍሉን ሕንፃና የተማሪዎች ላብራቶሪ ያለበትን ሕንፃ የሚያገናኙ ሁለት ራውተሮች አሉን፤ በመካከላቸውም እያንዳንዳቸው 1 ጊጋቢት በሰከንድ የሚይዙ ሁለት የፋይበር መስመሮች እንደ አንድ ተጣምረው ይሠራሉ። ሆኖም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አንደኛው ከ900 ሜጋቢት በላይ ሲሸከም ሁለተኛው ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ኬብሉንም የፋይበር ሞጁሉንም ቀይሬ ለውጥ አላገኘሁም። ፓኬቶቹ (መረጃው ተቆራርሶ የሚላክባቸው ቁራጮች) አንዱ በዚህ፣ ቀጣዩ በዚያ መስመር በየተራ እንዲላኩ ባደርግ ችግሩ ይፈታልኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ጉድለቱ ያለው በኬብሉ ላይ ሳይሆን ራውተሩ ለእያንዳንዱ ፓኬት መስመር በሚመርጥበት ስሌት ላይ ይመስለኛል። መስመሮችን ስለማጣመር የሚደነግገውና እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው 802.3ኤዲ የተባለው ደረጃ የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ ያዛል፤ መስመሩ በምን ስሌት ይመረጥ የሚለውን ግን ለመሣሪያው አምራች ትቶታል። አምራቾቹም በአብዛኛው በፓኬቱ ላይ ከተጻፉት አድራሻዎች የተወሰኑትን ወስደው «ሃሽ» የተባለውን ስሌት ይሠሩና በውጤቱ መስመሩን ይወስናሉ። ወደ ስሌቱ የገቡት ቁጥሮች አንድ ዓይነት እስከሆኑ ድረስ የሚመረጠውም መስመር ምንጊዜም ያው ነው።

ብዙ መሣሪያዎች፣ የሊኑክስ ቦንዲንግም (በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ውስጥ መስመሮችን የሚያጣምረው ክፍል) ጭምር፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው በቀር ለስሌቱ የሚወስዱት የላኪና የተቀባይ ማክ አድራሻን፣ ማለትም የመሣሪያውን የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር ነው። ማክ አድራሻ ደግሞ ፓኬቱ ራውተር ባለፈ ቁጥር ስለሚለወጥ፣ በሁለቱ ራውተሮችዎ መካከል የሚያልፈው ትራፊክ ከመቶ የተማሪ ኮምፒውተሮች ቢመጣ እንኳ የሚይዘው የእነዚያኑ የሁለቱን ራውተሮች ማክ አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሌቱ መቶውን ኮምፒውተር እንደ አንድ ቆጥሮ ሁሉንም በአንድ ፋይበር ይልካል። መፍትሔው ስሌቱ የላኪና የተቀባይ አይፒ አድራሻንና የሁለቱንም ወገን የፖርት ቁጥሮች (በኮምፒውተሩ ላይ የሚገናኘውን ፕሮግራም የሚለዩ ቁጥሮች) እንዲመለከት ማዘዝ ነው፤ በሊኑክስ ላይ ይህ ምርጫ «ሌየር 3+4» ይባላል። ቅንብሩን በሁለቱም ጫፍ ይለውጡ። እያንዳንዱ ራውተር የሚወስነው ራሱ ስለሚልከው ትራፊክ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ወገን ብቻ ከተለወጠ የመልሱ ጉዞ እንደቀድሞው ያዘነበለ ሆኖ ይቀራል።

በየተራ መላክን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በሁለቱ መስመሮች ላይ የሚጠብቀው ወረፋ በጥቂቱ ከተለያየ ኋላ የተላከው ፓኬት ቀድሞ ይደርሳል። አብዛኛው የፋይል ዝውውር በሚመራበት በቲሲፒ ሕግ ደግሞ ተቀባዩ ፓኬት ከተራው ውጭ በደረሰው ቁጥር የቀድሞውን «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ ይደግማል፤ ላኪውም ሦስት ድግግሞሽ ሲያይ ፓኬት እንደጠፋ ቆጥሮ እንደገና ይልካል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ያኔ በግራፉ ላይ ሁለቱ መስመሮች እኩል ሆነው ይታያሉ፤ ተማሪው የሚያወርደው ፋይል ግን ይዘገያል። ሊኑክስም ይህን አሳይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 3.6 ስሪት የራውቲንግ ካሽ (ቀድሞ የተመረጡ መንገዶችን የሚያስታውሰው ማኅደር) ሲወገድ፣ በብዙ መንገዶች የሚሄድ የአይፒቪ4 ትራፊክ በየፓኬቱ መከፋፈል ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በ4.4 ስሪት ወደ ሃሽ ስሌት የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ቅንብሩን ከለወጡ በኋላም ፍጹም እኩልነትን አይጠብቁ። ስሌቱ የሚያከፋፍለው ግንኙነቶችን ቆጥሮ ነው፤ የእያንዳንዱን ክብደት አያይም። በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ግንኙነቶች ሲኖሩ ሚዛኑ በራሱ ይቀራረባል፤ ትልልቆቹ ጥቂት ሲሆኑ ግን ነገሩ እንደ ዕጣ ነው። እኩል ክብደት ያላቸው 4 ግንኙነቶች በሁለት መስመር ላይ ቢጣሉ ሁለት ለሁለት የመከፈል ዕድላቸው ከ8 ጊዜ 3ቱ ብቻ ሲሆን፣ ከ8 ጊዜ 1ዱን አራቱም በአንድ መስመር ላይ ይወድቃሉ። ሌሊት የሚወሰደው የሰርቨር ባክአፕ በአንድ ግንኙነት የሚሄድ ከሆነም ሁለተኛው ፋይበር ባዶ ሆኖ እያለ ከ1 ጊጋቢት ሊያልፍ አይችልም። ፕሮግራሙ የሚፈቅድ ከሆነ ባክአፑን በበርካታ ትይዩ ግንኙነቶች እንዲልክ ያድርጉት።

ከእኩልነቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁለት ፋይበር የዘረጋችሁት አንዱ ቢቆረጥ ሌላው እንዲደርስላችሁ ጭምር ከሆነ፣ የሁለቱ ድምር ከአንዱ አቅም ማለፍ የለበትም። አሁን ድምሩ 900 ሜጋቢት ደርሷል፤ ያ መስመር ስለሞላ የታፈነ ፍላጎትም ሊኖር ይችላል። ቅንብሩ ከተስተካከለ በኋላ ድምሩ ከ1 ጊጋቢት በላይ ከወጣ፣ አንዱ ፋይበር በተቆረጠ ዕለት ኮሌጁ ይቸገራልና የ10 ጊጋቢት ሞጁል ጥያቄውን ከወዲሁ ለአስተዳደሩ ያቅርቡ። ልኬቱን ሲወስዱም የ5 ደቂቃ አማካይ ለሰከንዶች የሚቆየውን መጨናነቅ ስለሚደብቅ፣ ራውተሩ የጣላቸውን ፓኬቶች ቁጥር አብረው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ያለው ቢሯችን ከሁለት አቅራቢዎች የመጡ ሁለት የኢንተርኔት መስመሮች አሉት። ትራፊኩን በሁለቱ ላይ ካከፋፈልን ወዲህ የባንክ ድረ ገጽ በየጊዜው እንደገና እንድንገባ ይጠይቀናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እያንዳንዱ መስመር ወደ ውጭ የሚወጣው በራሱ አይፒ አድራሻ ነው። አንድ ሠራተኛ የሚከፍታቸው የተለያዩ ግንኙነቶች በተለያየ መስመር ሲወጡ ባንኩ አንዱን ደንበኛ በሁለት አድራሻ ያየዋል፤ ብዙ የባንክ ድረ ገጾችም ይህን እንደ አደጋ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ራውተሩ መስመር ሲመርጥ የፖርት ቁጥሮችን ትቶ የላኪውን ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ ብቻ እንዲመለከት ያድርጉ። ያኔ እያንዳንዱ ኮምፒውተር መስመሩ እስካልተቋረጠ ድረስ በአንድ መስመር ብቻ ይወጣል፤ ክፍፍሉ እንደበፊቱ የተመጣጠነ ባይሆንም የባንኩ ሥራ አይቋረጥም።