ኮሽሜ ያብባል እንጂ አያፈራም

ጥያቄ፦ ደምበጫ በምንኖርበት ግቢ ጥግ አንድ ኮሽም አለ። በየዓመቱ ያብባል፤ ፍሬ ግን ይዞ አያውቅም። ባለቤቴ «መካን ነው፤ ቆርጠን ባሕር ዛፍ እንትከልበት» ይላል። ፍሎሪዳ ያለችው ልጄ ደግሞ «እዚህ የእኛን ኮሽም አፕሪኮት ይሉታል፤ እንዳታስቆርጪው» አለችኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ልጅዎን ይስሙ፤ የነገረችዎ ግማሹ ብቻ ልክ ቢሆንም።

ኮሽም እንደ ፓፓያ ወንዱና ሴቷ በየራሳቸው ዛፍ ናቸው። እያበበ ፍሬ ካልያዘ ወይ ራሱ ወንድ ነው፣ ወይ ሴት ሆና በአቅራቢያዋ ወንድ አጥታለች። ሲያብብ አንዷን አበባ ቀጥፈው ይመልከቱ። ክር የመሰሉ ብዙ ዘንጎች ብቻ ካሏት ወንድ ነው፤ መሐሏ ላይ ትንሽ አረንጓዴ እብጠት ካለ ሴት ናት። ወንድ ከሆነ የጎረቤትዎ ኮሽም የሚያፈራው ንብ ከእርሱ በምታደርሰው ዱቄት ሊሆን ይችላልና፣ ከመቁረጥዎ በፊት ጎረቤት ያማክሩ! ዘር ዘርተው ሴት እጠብቃለሁ አይበሉ፤ ችግኙ እስኪያብብ ጾታው አይለይም። ይልቅ ከሚያፈራ ዛፍ ቀንበጥ ወስደው በዚያው በወንዱ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያዳቅሉ። ሌላውን ቅርንጫፍ እንዳለ ይተዉት።

የአፕሪኮቱ ነገር እንዲህ ነው። እውነተኛው አፕሪኮት የጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ እኛ ዘንድ ዘመዶቹ ኮክ፣ ጥቁር እንጨትና ኮሶ ናቸው። ኮሽም የሚዛመደው ወንዝ ዳር ከሚበቅለው አሐያ ጋር ነው። ፍሎሪዳ ላይ «ትሮፒካል አፕሪኮት» የሚባለው፣ የእኛው ኮሽም ከስሪላንካና ከደቡብ ሕንድ ከመጣ የቅርብ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ጣዕሙ አፕሪኮትን ስለሚያስታውስ ስሙን ሰጡት። ልጅዎ ያየችው የኮሽማችንን ልጅ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በከተማ አጥር ላይ ኮሽም የምንለው ብዙ ጊዜ ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣው ዘመዱ ነው። እርሱም ይበላል፣ እርሱም ወንድና ሴት አለው። አጥሩን በየጊዜው የሚከረክም ሰው ግን ከየትኛውም ብዙ ፍሬ አይጠብቅ።

ዳንግላ ሳድግ ሳይበስል እየለቀምን ጥርሳችን ይጠርስ ነበር። እርስዎ ብርቱካንማ ሆኖ እስኪለሰልስ ይታገሡ። ያኔም ኮምጣጣ ነው፤ ለማርማላታ ስኳሩን አይሰስቱ፣ የሚቀቅሉበትም ድስት አሉሚኒየም አይሁን።