ስማችን ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ወዴት እንሂድ?

ኑሮ የከበዳቸው አንባቢዎቻችን ከላኩልን ጥያቄዎች ሦስቱን በዚህ ዕትም መልሰናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለው ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚደርሰን ነው።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የሚሠራበት ግንባታ ከቆመ ወዲህ ቤት ውሏል። ሦስት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው በደባልነት ነው። ለሴፍቲኔት፣ ለችግረኞች ለሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ቤት ለቤት መጥተው መዝግበውን ነበር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ስማችን የለም፤ ከእኛ የምትሻል ጎረቤታችን ገብታለች። ምን ላድርግ?»
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህታችን፣ ዝርዝሩ ገና እንደተለጠፈ ከሆነ ነገ ሳይሉ ዛሬ ይሂዱ። ስም ዝርዝር በአደባባይ የሚለጠፈው ነዋሪው አይቶ ቅሬታ እንዲያቀርብ ነው። ከጸደቀ በኋላ ማስተካከል በጣም ይከብዳል።

ቅሬታዎን ከመጻፍዎ በፊት ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ ይወቁ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ተጠቃሚው በሁለት ወንፊት እንዲያልፍ ተደርጎ ነው። በመጀመሪያ ነዋሪውን የሚያውቁ የሰፈር ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ በጣም የተቸገሩትን ይለያል። ቀጥሎ መረጃ ሰብሳቢ ቤት ለቤት እየዞረ የቤተሰቡን ብዛት፣ የቤቱን ሁኔታ፣ የቤት ዕቃውንና ሥራውን ይመዘግባል፤ በዚህ መረጃ ነጥብ ይሰጣል።

ደባሎች የሚጎዱት በብዛት በሁለተኛው ወንፊት ነው። የቤቱ ባለቤቶች ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በእናንተ ስም ይቆጠራል፤ ወይም ሁለቱ ቤተሰቦች እንደ አንድ ይመዘገባሉ። ለብቻችሁ የምታበስሉና ከራሳችሁ ኪስ የምታወጡ ከሆነ ራሳችሁን የቻላችሁ ቤተሰብ ናችሁ፤ ይህ በቅሬታው ላይ በግልጽ ይስፈር። መዝጋቢው የመጣ ዕለት ማን እንደመለሰለትም ያስታውሱ። ልጅ ወይም አከራይ መልሶ ከሆነ ስህተቱ ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ሌላም አለ፦ ብዙ እናቶች እንግዳ ሲመጣ ችግራቸውን መሸፈን ይቀናቸዋል፤ «ተመስገን፣ ደህና ነን» ይላሉ። ጨዋነት ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ደህና ተብሎ ይጻፋል። እባክዎ ችግርዎን ለመናገር አይሸማቀቁ፤ የሚናገሩት ለልጆችዎ ነው።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስምዎን፣ ወረዳዎንና የቤት ቁጥሩን፣ የቤተሰቡን ብዛት ከነዕድሜያቸው፣ ባለቤትዎ ሥራ ያቆመበትን ወር፣ የምትከፍሉትን ኪራይ፣ በመጨረሻም መዝገቡ ላይ ተሳስቷል የሚሉትን ነገር ይጻፉ። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልጆቹን የልደት ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የታመመ ካለም የሐኪም ወረቀት አያይዙ። ሁለት ኮፒ ይዘው ለወረዳው ቅሬታ ሰሚ ያቅርቡና በእርስዎ ኮፒ ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። በቃል የቀረበ ቅሬታ ዱካ የለውም። መልሱ ካላረካዎት ይህንኑ ኮፒ ይዘው ወደ ክፍለ ከተማ ይሄዳሉ።

ስለ ጎረቤትዎ ግን አንድም ቃል አይጻፉ። «እሷ አይገባትም» እና «እኔ ይገባኛል» የተለያዩ አቤቱታዎች ናቸው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኮሚቴው ጉዳዩን የሰፈር ጠብ አድርጎ ያየዋል።

ከገባችሁ መሥራት የሚችል ሰው በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው የአካባቢ ሥራ ይሰማራል፤ ክፍያው በባንክ ሂሳብ ይገባል። ከክፍያው 20 በመቶው ለቁጠባ ይቀመጣል፤ ዋናው ድጋፍ ሲያበቃ ለሚጀመረው ሥራ መነሻ ስለሚሆን ለዕለት ወጪ አይመኙት። አቅመ ደካማ አረጋውያን፣ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውና ሥር በሰደደ ሕመም የተያዙ ሰዎች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች እናትም እርግዝናዋን ትናገር፤ ከሥራው ነፃ የምትሆንበት አሠራር አለ።

መልሱን እስክታገኙ ድረስ ልጆቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት መሆናቸውን ያረጋግጡ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። ለሦስት ልጆች በቀን ሁለት ማዕድ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ «አባቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። የጤና መድን ደብተራቸውን ማሳደሻ ገንዘብ አጥቼ ጊዜው አለፈ። አሁን ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሂሳቡ ከአቅሜ በላይ ነው።»
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለአባትዎ ምሕረት ያምጣልን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚታደሰው በዓመት አንዴ፣ በተወሰነ ወቅት ነው። ሰው ከታመመ በኋላ ብቻ የሚገባበት ቢሆን የጋራው ገንዘብ ወዲያው ስለሚያልቅ ነው እንዲህ የተደረገው። ስለዚህ ያለፈውን ደብተር ይዞ መከራከር አያዋጣም።

አሁን የሚያዋጣው ከመውጫ ቀን በፊት መንቀሳቀስ ነው። ሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ካለው ያነጋግሯቸው፤ እዚያው ቀን ቀበሌ ሄደው አባትዎ ከፍለው መታከም የማይችሉ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ። ደብዳቤው ታማሚው ተኝቶ ሳለ ቢደርስ ይሻላል፤ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ወረቀት ብዙም አይረዳም።

ለከርሞ ደግሞ መዋጮውን ጨርሶ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ መኖሩን ይወቁ። እነዚህን ሰዎች የሚለየው ቀበሌው ከነዋሪው ጋር ሆኖ ነው፤ ምዝገባው ሊከፈት ሲል ሳይሆን ቀደም ብለው ስማቸውን ያስይዙ። አባትዎ በእርስዎ ደብተር ይገቡ እንደሆነም ይጠይቁ፤ አንድ ደብተር በመሠረቱ ባልና ሚስትን ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር የሚይዝ ስለሆነ ለሌላ የቤተሰብ አባል ተጨማሪ ክፍያ አለ።

ደብተር ያለውም ሰው የሚሳሳተው ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ሲሄድ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። ክትባት፣ በጤና ጣቢያ መውለድና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ግን ደብተር ባይኖርም በመንግሥት ተቋም በነፃ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ «ሥራ ከፈታሁ ጀምሮ የእድር መዋጮ አልከፈልኩም፤ ስብሰባም አፍሬ ቀርቻለሁ። ይሰርዙኝ ይሆን?»
ከአዳማ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመዋጮው ይልቅ የሚጎዳዎት መጥፋትዎ ነው። የብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንብ ተከታታይ ወራት ያልከፈለን አባል ያስቀጣል፣ ሲቆይም ያሰርዛል። ወሩ በየእድሩ ስለሚለያይ ደንቡን ከጸሐፊው ጠይቀው ያንብቡ። በዚህ መካከል ሐዘን ቢደርስብዎ ክፍያው ሊያከራክር ይችላል።

ከስብሰባው በፊት የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊውን ለብቻቸው ያነጋግሩ። ውዝፉን ይቅር በሉኝ ከማለት በትንሽ በትንሹ እንዲከፍሉት እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ በቀላሉ ያልፋል። እስከዚያው በጉልበት ያገልግሉ፤ ድንኳን መትከል፣ ወንበርና ሰሃን ማጓጓዝ፣ ለቀብር መጥራት የሚችል ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የከፈሉትም በየጊዜው በእጅዎ ባለው ደብተር ላይ ይፈረምልዎ፤ ጸሐፊ ሲቀየር የሚያድንዎት ይኸው ፊርማ ነው።