ሳሎን ያለው አምፖል ብቻ ለምን ይቃጠላል?

አንዲት የአዳማ እህት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ "የሳሎኑ አምፖል በሁለት ወር ሦስት ጊዜ ተቃጠለብኝ። የመኝታ ቤቱና የኩሽናው ደህና ናቸው። በር ገጭ ሲል ብልጭ ድርግም ይላል። ማታ ካጠፋሁትም በኋላ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ሦስቱም ኤልኢዲ ናቸው።"

እህቴ፣ አምፖል መቀያየሩን ይተዉት። እኔ የምጠረጥረው ሆልደሩን፣ አምፖሉ የሚገባበትን ዕቃ ነው። ችግሩ የቮልቴጅ መዋዠቅ ቢሆን የመኝታ ቤቱም አይተርፍም ነበር። አንድ ቦታ ብቻ እየተቃጠለ፣ በር ሲዘጋም ከተርገበገበ፣ እዚያ የላላ ነገር አለ።

ከመንካትዎ በፊት ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ያውርዱ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም! በተለይ እርስዎ ቤት። የጠፋ አምፖል ደብዘዝ ብሎ ሲበራ፣ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ሊሆን ይችላል። ያኔ የጠፋ የመሰለዎት ሆልደር ውስጥ 220 ቮልት አለ።

አምፖሉን ፈትተው የሆልደሩን ውስጥ በባትሪ ይዩ። መሃል ያለችው ምላስ ጠቁራ ወይም ወደ ውስጥ ተኝታ ያገኟታል ብዬ እገምታለሁ።

ይህች ምላስ ነች አምፖሉን የምትገድለው። የአምፖሉን ቂጥ አጥብቃ ካልገፋች በመሃላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ይፈጠራል። ምላሷ ነካ ለቀቅ ባለች ቁጥር ኤሌክትሪኩ ያችን ክፍተት በብልጭታ ይዘላታል። ብልጭታው ብረቱን ያግለዋል፣ ጥላሸት ያለብሰዋል። የጋለ ምላስ ደግሞ ይለሰልስና መግፋቱን ይተዋል። ክፍተቱ ይሰፋል፣ ብልጭታው ይብሳል። ኤልኢዲ ላይ ጉዳቱ ድርብ ነው። ውስጡ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ካፓሲተር አለች። መስመሩ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ኃይል በአንዴ ይገባባታል። ይህ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም አስቡት። በዚያ ላይ የሆልደሩ ሙቀት በቀጥታ ወደ አምፖሉ አንገት ይሄዳል፤ ሰርኪዩቱ ያለው እዚያው ነው። ካርቶኑ ላይ 15,000 ሰዓት የተባለው አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 8 ዓመት ሊቆይ በተገባ ነበር።

ምላሷን በካቻቢቴ ቀና አድርጎ መመለስ የብዙ ሰው ዘዴ ነው። የለሰለሰ ብረት ግን ተመልሶ ይተኛል። ሆልደሩን ይቀይሩት። እባክዎ ርካሹን ፕላስቲክ አይግዙ! የሸክላውን ይውሰዱ። ሱቅ ሲሄዱ ትንሽ ማግኔት ይያዙ፤ ምላሷን ከሳባት ነሐስ አይደለችም፣ ነሐስ የተቀባች ቆርቆሮ ነች። እንዲህ ያለውን ዕቃ ስንት ቤት ገብቼ እንደነቀልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የጠቆረውን ሽቦ ጫፍ ቆርጠው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አዲስ ይላጡ። ብሎኑን ጠበቅ ያድርጉት። ፌዙ መሃል ወዳለችው ምላስ፣ ኒውትራሉ አምፖሉ ወደሚጠመዘዝበት ጥርስ ይግባ። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎት ከሆነ ያንን አውልቀው ሞርሴቶ (ሽቦዎችን በብሎን አጥብቆ የሚያገናኝ) ያድርጉበት። ፌዙ በማጥፊያው በኩል ማለፉንም ያረጋግጡ፤ መስመሩን መለየት ካቃተዎት ይህን ለኤሌክትሪሺያን ይተዉ። አሁንም ልድገመው፦ ብሬከሩ ሳይወርድ እጅዎ ሆልደር ውስጥ አይግባ። ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን የሚያዩበትን ቴስተርም መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ሶኬት ይሞክሩት፤ የሞተ ቴስተር "የለም" ብሎ ይዋሻል።

አምፖሉ ዙሪያውን በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ ከሆነም ብርጭቆውን ያውልቁለት፤ ኤልኢዲ ሙቀት አይወድም።

አንድ ቀን ምጣድ ሲሰኩ የሌላው ክፍል መብራት ከወትሮው በላይ ከደመቀ ግን ነገሩ ከሆልደር ያለፈ ነው፤ ዋናው ኒውትራል ላልቷል። እሱን ራስዎ አይንኩት። ዋናውን ብሬከር አውርደው፣ ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ነቅለው የመብራት ኃይል ሠራተኞችን ይጥሩ።