ኮምፒውተሩ «ተቀበል!» ሲባል፦ የአንባብያን የሙዚቃ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የእህቴ ልጅ ሰሞኑን አንድ የውጭ አገር የጃዝ አልበም አሰማኝ። ሳክስፎን፣ ደብል ቤዝና ድራም አለበት፤ አራተኛው ሙዚቀኛ ግን የያዘው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ሁሉም ነገር ያለ ኖታ፣ እየተጫወቱ የተፈጠረ መሆኑ ተጽፏል። ኮምፒውተር የተሞላለትን እንጂ ሌላ የማያውቅ ዕቃ ሆኖ ሳለ እንዴት እዚያው ይፈጥራል? ለእኔ አንዳንዱ ቦታ ጣቢያው ያልተስተካከለ ሬዲዮ መሰለኝ፤ ልጁ ግን ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዳምጠው። እሱ የሚሰማውን እኔም እንድሰማ ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጥያቄዎ ብልቱን ያገኘ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ኮምፒውተር የተሞላለትን ብቻ ያጫውታል ማለትዎ ለብዙ ዘፈን ትክክል ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ አልበም ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀርባል። በሳክስፎኑ አፍ ፊት ማይክሮፎን ይቆማል፤ የተነፋው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጥና በማሽኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን የያዘው ሙዚቀኛ ያንኑ ድምፅ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የኋላውን ወደ ፊት አዙሮ፣ ወይም አወፍሮና አዘግይቶ፣ ወይም ጆሮ ለይቶ ሊይዛቸው በማይችሉ ቅንጣቶች ከትፎ ይመልሰዋል። ሬዲዮ የመሰለዎት ድምፅ ምናልባት እርስዎ ከአፍታ በፊት የሰሙት የሳክስፎኑ ትንፋሽ ነው።

ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አዝማሪ ቤት አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበልና በማሲንቆው ላይ አሳክቶ ይመልሰዋል፤ ግጥሙ ያው ነው፣ ሲመለስ ግን በዜማ ተሸክሞ፣ አንዳንዴም የአዝማሪው ጣል ያደረጋት ቃል ታክላበት ነው። ጥሩ የኤሌክትሮኒክ ተጫዋች ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ በጃዙ ታዳሚ የሆነው ሳክስፎኒስት ራሱ የተመለሰለትን ሰምቶ ቀጣዩን ንፊት ይለውጣል፣ ወይም ለመለወጥ እንቢ ይላል። እኔ የእንዲህ ዓይነቱን አልበም ብቃት የምለካው በዚህ ነው። የኤሌክትሮኒኩ ድምፅ እንደ ቀለም ከላይ የተቀባ ከሆነና ሳክስፎኒስቱ ባይሰማውም ኖሮ ያንኑ ይነፋ የነበረ ከሆነ፣ ቅርጹ ቢያምርም ጨዋታ አይደለም።

«ያለ ኖታ» ማለት ያለ ሥርዓት ማለት እንዳልሆነ ደግሞ የቅኔ ቤት ልጆች ከማንም በላይ ያውቁታል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት መሆኑ፣ ዜማውና መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ባለቅኔው የሚዘርፈው ግን ትናንት ያልተባለውን ነው፤ የተባለውን ቢደግም ነውር ይሆንበታል። የጃዝ ሙዚቀኞቹም ለዓመታት ተለማምደው፣ የእርስ በርሳቸውን ጠባይ አጥንተው ነው ባዶ እጃቸውን የሚገቡት።

ሁለት አልበሞችን አነጻጽረው ቢያዳምጡ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልዎታል። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ማይልስ ዴቪስ «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» የተባለውን አልበም በየካቲት 1969 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ቀን ቀረጸ፤ የእሱ መለከትና የዴቭ ሆላንድ ደብል ቤዝ በሦስት ሰዎች የኤሌክትሪክ ፒያኖና ኦርጋን መካከል ይሰማሉ። ነገር ግን አልበሙ የመጨረሻ መልኩን ያገኘው ሙዚቀኞቹ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው፦ ፕሮዲውሰሩ ቲኦ ማሴሮ የቴፑን ክር በምላጭ ቆርጦ ቀጠለው፤ የሸክላው ሁለተኛ ገጽ የተከፈተበት የለሰለሰ ዜማም መጨረሻው ላይ የሚመለሰው ዳግመኛ ተጫውተውት ሳይሆን ያው ቅጂ ተቀጥሎ ነው። እንግሊዛዊው ሳክስፎኒስት ኢቫን ፓርከር በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ቱዋርድ ዘ ማርጂንስ» ግን ኤሌክትሮኒኩን የያዙት ሰዎች ከተጫዋቾቹ ጋር አብረው ተቀምጠው፣ የሚሰሙትን እየተቀበሉ እዚያው ይመልሳሉ። ፓርከር በአፍንጫው አየር እየሳበ በጉንጩ የያዘውን እየነፋ ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ የሚጫወት ሰው ነውና፣ የእሱ ትንፋሽ የት አብቅቶ የማሽኑ የት እንደጀመረ ለመለየት ጆሮን ይፈትናል። ሁለቱንም እወዳለሁ፤ የእህትዎ ልጅ ያመጣው ግን ከሁለተኛው ወገን ይመስለኛል።

ሲያዳምጡ ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ ለመያዝ አይሞክሩ። መጀመሪያ ደብል ቤዙን ብቻ ይከተሉ፤ በጣት ሲመታና በደጋን ሲገዘገዝ ያለውን ልዩነት ይለዩ፤ በሁለተኛው ዙር ያ የደጋን ጉርምርምታ ከሌላ አቅጣጫ ተመልሶ ሲመጣ ያገኙታል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ማለዳ በሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ በሄድፎን ስሰማ ነው። ሄድፎኑን አውልቄም የዓሣ አጥማጆቹ መቅዘፊያ ከጀልባው ጎን ጋር ሲላተም ለጥቂት ጊዜ የአልበሙ ክፍል መስሎኝ ቆየሁ።

ጥያቄ፦ ባሕል አዳራሽ አካባቢ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ የኢትዮጵያ ጃዝ ንጹሕ የሆነው ኤሌክትሪክ ሳይገባበት ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወቱት ቪብራፎን ራሱ በብረት ሰሌዳዎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች ላይ ትናንሽ ክዳኖችን የሚያሽከረክር የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ ያ የምንወደው እየተወዛወዘ የሚሄድ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በተቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይም ዋ-ዋ ፔዳል (ድምፁን «ዋ-ዋ» የሚያሰኝ፣ በእግር የሚረገጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ) የተረገጠለት ጊታር ይሰማል። ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው የቀሩት ኃይሉ መርጊያ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮናቸውን ከሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ ከሚፈጥር መሣሪያ) እና ምት ከሚመታ ድራም ማሽን ጋር ብቻቸውን ሆነው ቀርጸዋል። የአኮርዲዮኑ ወናፍ አየር ሲስብ እየተሰማ ከበታቹ ማሽኑ ሳይዛነፍ ይመታል፤ ያ ጎን ለጎን መሆን ነው ሥራውን ያቆየው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ አዲስ ትውልድ አገኘው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሦስት ወጣቶች ነን፤ አንዳችን ዋሽንት፣ አንዳችን ክራር፣ አንዳችን ላፕቶፕ እንይዛለን። በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳንዘጋጅ የምንጫወተውን ለመቅረጽ አስበናል። ስንሞክር ግን የኮምፒውተሩ ድምፅ ከእኛ ጋር አይገጥምም፤ ይዘገያል፣ ቅኝቱም ይጋጫል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጆቼ፣ ሁለቱም ችግሮች መፍትሔ አላቸው። መዘግየቱ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ድምፁን በጥቅል በጥቅል እየያዘ ስለሚሠራ ነው። ጥቅሉ (በፕሮግራሙ ላይ «በፈር» የሚባለው) 1,024 ናሙና፣ ማለትም 1,024 የድምፅ ልኬት ከሆነ፣ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ሲለካ ወደ 23 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህም ሲገባና ሲወጣ ይደመራል። ወደ 128 ብታወርዱት 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅበት፣ ያን ያህሉ መዘግየት ሲገባና ሲወጣ ተደምሮ ጓደኛችሁ በሁለት ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ያህል ነው የሚሰማው። ጥቅሉ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ከተጨናነቀና ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ ወደ 256 ከፍ አድርጉት።

ቅኝቱን በተመለከተ በብዙ ቤት ተገልብጦ የሚሠራ ነገር አለ፦ ክራሩንና ዋሽንቱን በላፕቶፑ ውስጥ ካለው ሲንተሳይዘር ጋር ለማስማማት ይደክማሉ። ዋሽንት ቀዳዳው አንዴ ተበስቶ ያለቀ ነው፤ ክራርም በጆሮ ሲቃኝ፣ በተለይ በአንቺ ሆዬ፣ ከፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ድምፅ ያወጣል፤ የቅኝቱ ለዛም ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዋሽንቱ ይነፋ፤ ክራሩ በእሱ ይቃኝ፤ ከዚያ ሲንተሳይዘሩ እያንዳንዱ ድምፁ ከፍና ዝቅ እየተደረገ ለሁለቱ ይገዛ። ማሽኑ ነው መታጠፍ የሚችለው።

ላፕቶፕ የያዝከው ደግሞ የክራሩንና የዋሽንቱን ድምፅ ሳይነካ በየራሱ መስመር፣ አንተ የለወጥከውንም በሌላ መስመር ለይተህ ቅረጽ። ስፒከሩን ከማይክሮፎኖቹ አርቀው፤ ካልሆነ ይጮህባችኋል። በዋሽንቱ በኩል ማይክሮፎኑን ከአፉ ትንሽ ወደ ጎን ብታደርጉት ትንፋሹ ሳይነፋበት፣ ጣት ከቀዳዳ ላይ ሲነሣ የምትሰማዋ ትንሽ ድምፅ ትገባላችኋለች፤ ለላፕቶፑ ከዜማው ይልቅ እሷ ልትጠቅም ትችላለች፤ ለብቻዋ ተወስዳ ስትበዛ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ያለውን ትመስላለች። ባጃጆቹ ሳይበዙ በማለዳ ቅረጹ፤ የመጀመሪያውንም ሙከራ አታጥፉ። ስትጨርሱ ሁለቱንም ላኩልኝ፦ ላፕቶፑ ያለበትን፣ እሱ ተዘግቶ ክራርና ዋሽንቱ ብቻቸውን የሚሰሙበትንም። ዋሽንቱ ለማን እየመለሰ እንደነበር ከሁለተኛው እሰማዋለሁ።