የመጨረሻውን ገጽ አስቀድማችሁ ሣሉ

ውድ ጀማሪ የኮሚክ ሠዓልያንና ደራስያን፣

ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) አዲስ ነገር ያመጣል፣ የአሜሪካ ሱፐርሂሮ (ልዩ ኃይል ያለው ጀግና) ኮሚክ ግን አንዱን ነገር እያመላለሰ ይደግማል የሚል ክርክር በመካከላችሁ ሁሌም አለ። በእኔ እይታ ሁለቱም በቀመር ይሠራሉ። የሚለያቸው ገጸ ባሕርዩ የማን ንብረት እንደሆነና ታሪኩ የማለቅ መብት ያለው መሆን አለመሆኑ ነው።

ሾነን ጃምፕ የተባለው ሳምንታዊ የጃፓን ማንጋ መጽሔት በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመሠረተ፤ መሪ ቃሎቹም ወዳጅነት፣ ጥረትና ድል ናቸው። አንድ ምዕራፍ 19 ገጽ ገደማ ሲሆን በየሳምንቱ መድረስ አለበት። አንባቢው ከመጽሔቱ ጋር በሚመጣ ፖስትካርድ ላይ የወደዳቸውን ሦስት ታሪኮች ሲመርጥ ኖሯል፤ ድምፅ ያጣ ታሪክ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቋረጣል። እንዲህ የተጨነቀ ደራሲ ፈጥኖ የሚሸሸግበት ቦታ ውድድር ነው። ድራገን ቦል የተባለው ማንጋ በ1984 በዚሁ መጽሔት ሲጀምር ከቻይናው የጦጣ ንጉሥ ታሪክ የተነሣ አስቂኝ የጉዞ ተረት ነበር፤ የማርሻል አርት ውድድሩ ከገባ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ፍልሚያው ታሪኩን ወረሰው። ውድድር የሚሠራበት ምክንያት አለው። ተፋላሚዎችን ለማገናኘት ሰበብ አይፈልግም፣ ደንቡ ለማንም ግልጽ ነው፣ የየሳምንቱ መጨረሻም «ማን ያሸንፍ ይሆን?» በሚል ጥያቄ ይንጠለጠላል።

የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። ዛሬ የተሸነፈው ጠላት ለነገው መለኪያ ስለሚሆን ተከታዩ የግድ ከእሱ መብለጥ አለበት። ሦስተኛው ዙር ላይ ተራራ የሚያፈርስ ጡጫ ማንንም አያስደነግጥም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበሩት ጓደኞችም ዳር ቆመው «ይሄ እንዴት ያለ ኃይል ነው!» ባይ ታዛቢ ሆነው ይቀራሉ። ከዚህ የምታመልጡት ተከታዩን ጠላት ከቀድሞው የሚበልጥ ሳይሆን የተለየ ስታደርጉት ነው። ስሙ የተጻፈበትን ሰው ስለሚገድል ደብተር የሚተርከው ዴዝ ኖት (2003–2006፣ 108 ምዕራፍ) በዚያው መጽሔት ላይ ያለ ቡጢ የቆመው ጥብቅ ደንብ ስለነበረው ነው፦ የሰውየውን ስም ለመጻፍ ፊቱን ማወቅ ግድ ይላል። ከዚህ አንድ ደንብ ስንት ጭንቀት እንደተወለደ እያንዳንዱን ምዕራፍ ይዛችሁ ቁጠሩ።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ነገሩ ሌላ ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለት ወጣቶች በ1938 መብቱን ለአሳታሚው በ130 ዶላር ሸጡት። ከዚያ ወዲህ የመጣ ጸሐፊ ሁሉ ተከራይ ነው፤ ግድግዳውን ቀለም ይቀባል እንጂ አያፈርስም። ሱፐርማን በ1992 ሞተ፣ በ1993 ተመለሰ። ስፓይደርማን በ1987 አገባ፤ በ2007 ሜፊስቶ ከተባለ ሰይጣን ጋር በተደረገ ውል ጋብቻው እንዳልነበረ ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጻፈ ትዳር! አንባቢ ይህን ከለመደ በኋላ በሞት አታስለቅሱትም።

ሆኖም ሱፐርሂሮን የምትንቁ የማንጋ ወዳጆች እዚህ ላይ ታገሡኝ። ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀበት ሥራ፣ እንዴት እንደሚነገር ያስተምራል። በ1962 የወጣው የስፓይደርማን የመጀመሪያ ታሪክ 11 ገጽ ብቻ ነው። ልጁ ኃይል ያገኛል፣ ዝና ያሰክረዋል፣ የሚሮጠውን ሌባ «አይመለከተኝም» ብሎ ያሳልፋል፣ አጎቱ ይገደላል፣ ገዳዩ ያው ሌባ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ የሚላኩ የጀማሪ ሥራዎች በ11ኛው ገጽ ላይ ገና የትምህርት ቤቱን በር እየሣሉ ነው። ያንን ታሪክ ገጽ በገጽ በትኑት፤ በየገጹ ስንት ክፈፍ (የሥዕል ሳጥን) እንዳለና ምን አዲስ ነገር እንደተነገረ ጻፉ።

ከዚያ ወደ ራሳችሁ ሥራ። የ300 ምዕራፍ ዕቅድ አስቀምጡትና ከ16 እስከ 24 ገጽ የሚሆን አንድ ያለቀ ታሪክ ሥሩ። በመጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ በእርሳስ ሣሉ፤ እዚያ ላይ ወደ ኋላ የማይመለስ ነገር ከሌለ ታሪኩ ገና አልተገኘም። ዲመን ስሌየር የተባለው ማንጋ ተወዳጅነቱ ጣሪያ በነካበት በ2020 በ205 ምዕራፍ የተዘጋው ማለቅ ስለተፈቀደለት ነው።

ኒንጃውን ጋቢ ማልበስ ደግሞ ፈጠራ አይደለም፤ ቀመሩ ከጋቢው ሥር እንዳለ ነው። ይልቅ የቦታው ሥርዓት ቀመሩን የት ላይ እንደሚሰብረው ፈልጉ። ለምሳሌ ፍልሚያው በሽምግልና ይለቅ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ዕርቅ ወርዶ፣ ጠላት የነበረው ሰው በማግሥቱ ጎረቤት ይሆናል። ከእሱ የሚበልጥ ሌላ ጠላት መፈለግ ቀረ፤ ጥያቄው ሁለቱ በአንድ ለቅሶ ቤት እንዴት ይቀመጣሉ የሚለው ሆነ። ለሚቀጥለው ምዕራፍ የሚበቃ ነገር አለው።

ገጹን ስትከፍሉ የጃፓኑን አቀማመጥ እንዳለ አትቅዱ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ መጀመሪያ የሚነገረው ንግግር ከላይ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ በአማርኛ ያው ቦታ የረድፉ መጨረሻ ነው፣ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይነበባል። የንግግር ፊኛዎቹም ረጃጅምና ጠባብ የሆኑት ጃፓንኛው ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ ነው። «አላስታወሳችሁኝም» የሚል ቃል እዚያ ውስጥ ከገባ ወይ ይቆረጣል ወይ ፊደሉ ይደቅቃል። ስለዚህ ፊኛውን ሰፋና አጠር አድርጉት፣ ከ12 ቃል ካለፈም ለሁለት ክፈሉት፤ ጽሑፉን ደግሞ ፊት ከመሣላችሁ በፊት አስገቡ፣ አለዚያ የሚሸፈነው የጀግናው ግንባር ነው።