24ቱም ጉድጓድ እኩል 2.50?

አንድ የወረዳ የውስጥ ኦዲተር የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አራት መማሪያ ክፍል ያለው ብሎክ በመንግሥት በጀት ተሠራ። የሂሳብ ኦዲቱ ንጹህ ነው፤ ደረሰኙም ፊርማውም የተሟላ ነው። ግን ዓመት ሳይሞላው የአንዱ ክፍል ወለል ጥጉ ላይ ሦስት ሳንቲም ያህል ሰመጠ። የመጨረሻው ክፍያ ገና አልወጣም። ከየት ልጀምር?

ከመሬት በታች ይጀምሩ። ግድግዳው ሳይሰነጠቅ ወለሉ ብቻ ከወረደ ጥርጣሬዬ ሙሌቱ ላይ፣ ማለትም ከወለሉ ሥር በተሞላው አፈር ላይ ነው። ገረጋንቲ (ለሙሌት የሚመረጥ ጠጠርማ አፈር) ተብሎ የተከፈለበት መረሬ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚኮማተር ጥቁር አፈር፣ ሳይሆን አይቀርም። ሙሌት ላይ የቀለደ ደግሞ ቁፋሮም ላይ ይቀልዳል። በላኩልኝ የልኬት ወረቀት 24ቱም የመሠረት ጉድጓድ ጥልቀቱ 2.50 ሜትር ነው። ግቢው ግን ተዳፋት ነው ብለውኛል። ይሄ ቢሮ ተቀምጦ የተጻፈ ልኬት ነው።

ጥልቀት ላይ ለምን እንደሚዋሽ ልንገርዎት፤ ይህን ሳላወራ አላልፍም። ጉድጓዱ 1.5 በ1.5 ሜትር ነው እንበል። እውነተኛው ጥልቀት 1.60 ከሆነ በእያንዳንዱ 2 ሜትር ኩብ ያህል ተጨምሯል፤ በ24ቱ 48.6። ይህ የቁፋሮው ብቻ ነው። ያልተቆፈረው አፈር ተጭኖ ተደፍቷል ተብሎ ይከፈላል። ባዶው ቦታ በገረጋንቲ ተሞልቷል ተብሎ ደግሞ ይከፈላል። ከመሬት በታች ያለው ኮለንም (ምሰሶው) በወረቀት 90 ሳንቲም ይረዝማል፤ አርማታው፣ ፌሮው፣ ካሳፎርማው (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ ማስያዣ) አብሮ ይሄዳል። አፈሩን "ዓለት" ብለው ከመዘገቡት ደግሞ ነጠላ ዋጋው ራሱ ይዘላል። ደረሰኝ የሚያይ ኦዲት ይህን አይይዝም፤ ደረሰኙማ ውሸቱን በትክክል ደምሮታል።

ስለዚህ ሦስት ኮለን እርስዎ ራስዎ በዕጣ ይምረጡ፤ ተቋራጩ እንዲመርጥልዎ አይፍቀዱ። ከጎናቸው እስከ መሠረቱ ግርጌ ያስቆፍሩ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን አይግቡ! መረሬ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው። አንድ የቀን ሠራተኛ እስከ ደረቱ ተቀብሮ ስናወጣው ዓይኔ አይቷል። ልኬቱን ሳይት ርክክብ ላይ ከተያዘው የሌቭል መዝገብ (የመሬቱ ከፍታ ከተጻፈበት) ጋር ያመሳክሩ። ተቋራጩና አማካሪው እዚያው ይፈርሙ፤ "ነገ ቢሮ እንፈርማለን" የሚባል ነገር አይስሙ።

የሰመጠውን ጥግ 50 በ50 ሳንቲም አስከፍተው ሙሌቱን ይዩ። የመጠቅጠቅ ፈተና ውጤትም ይጠይቁ። "ሊሾ አፍስሰን አስተካክለናል" ማለታቸው ግን አናደደኝ። ጉድጓድ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው! ከእርስዎ በፊት የመጣው ኮሚቴም ፎቶ ተነስቶ ሄደ አሉኝ። ሜትር እንኳ አልያዘም?

መጋዘን የተረፈ ፌሮ ካለ አንድ ሜትር ቆርጠው ይመዝኑ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ 890 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። "12 ነው" ተብሎ 750 የመዘነ ገጥሞኛል። የገበያው ቀጭን ፌሮ አሰልችቶኛል።

ልዩነት ካገኙ ከመጨረሻው የክፍያ ሰርተፍኬት ላይ ይቀነስ። ክፍያው ከወጣ በኋላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት ነው። ልኬቱ ሆን ተብሎ ተጭበርብሮ ከሆነ የተፈረመበትን ወረቀት ይዘው ወደ ክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ይሂዱ።

እና ሜትሩን ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ከላይ ሆነው ያውርዱት። ውስጥ አይግቡ ብያለሁ።