አራት ዓመት ሠርቼ «አዲስ ገቢ ነሽ» ተባልኩ

ሰላም እህቴ፣

አምድሽን ሁሌ አነባለሁ። አንቺ ማለቴን በክፉ አትይብኝ፤ የድሬ ልጅ ነኝ፣ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይለመድም።

የምሠራው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የጆንያ ፋብሪካ ነው። እህልና ሲሚንቶ የሚያዝበትን ነጩን የፕላስቲክ ጆንያ እናመርታለን። እኔ ሽመና ክፍል ነኝ። ክብ ማሽን ነው፣ በመቶ የሚቆጠር ክር ዙሪያውን ይገባበታል። አንዱ ክር ከተበጠሰ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ጫፉን ፈልጌ፣ በመንጠቆ ስቤ፣ አገናኝቼ አስነሳዋለሁ። አንዱን ሳስነሳ ሌላው ይቆማል፤ የምጠብቀው አንድ ማሽን ብቻ አይደለማ። የድሬ ሙቀት ላይ የማሽኑ ሙቀት ሲጨመርበት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል አንቺው ገምቺ። ሥራውን ግን እወደዋለሁ፣ እችለዋለሁም። አዲስ የሚገቡትን የማሠለጥናቸው እኔ ነኝ። ካሠለጠንኳቸው ውስጥ ቋሚ የሆኑ አሉ። እኔ አልሆንኩም።

ምክንያቱም በወረቀት የፋብሪካው ሠራተኛ አይደለሁም፣ የኤጀንሲ ነኝ። ኤጀንሲው በየ6 ወሩ ያስፈርመኛል። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ጥቂት ቀን ቤትሽ ቁጭ በይ እባላለሁ፣ ያለ ክፍያ ነው ታዲያ፣ ከዚያ ይደወልልኝና እንደገና እፈርማለሁ። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት አለፈኝ። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ «ዓመት መቼ ሞላሽ?» ይሉኛል። በእነሱ አቆጣጠር መቼም አይሞላኝም። ባለፈው ደንጊ ይዞኝ የሐኪም ወረቀት ይዤ ብሄድ የቀረሁበትን ቀን ሁሉ ቆረጡብኝ፤ ሱፐርቫይዘሬ ባይለምንልኝ ኖሮ ውሉንም አያድሱልኝም ነበር። የቋሚዎቹ ባጅ ሰማያዊ ነው፣ የእኛ ቢጫ። ሰርቪስ ላይ ሰማያዊዎቹ ከሞሉ ቢጫዎቹ በራሳችን ኪስ ባጃጅ ተኮናትረን ነው የምንሄደው። ፋብሪካው ለኤጀንሲው በሰው ሒሳብ ይከፍላል አሉ፤ እኔ እጅ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ እንደሆነ አንዲት የሒሳብ ክፍል ልጅ ሹክ ብላኛለች።

አሁን የመጣው ነገር ይሄ ነው። ፋብሪካው ከኤጀንሲው ጋር ያለው ውል አልቆ ሌላ ኤጀንሲ አምጥቷል። ሁለት ወረቀት ሰጡን። አንዱ ከአዲሱ ኤጀንሲ ጋር የምንገባው ውል ነው፣ 60 የሥራ ቀን ሙከራ አለው። እኔ፣ አሠልጣኟ፣ ልሞከር ነው! ሁለተኛው «ከቀድሞ አሠሪዬ ምንም ዓይነት ቀሪ ክፍያም ሆነ ጥያቄ የለኝም» ይላል። እስከ ሰኞ ሁለቱንም ያልፈረመ ባጁን ይመልስ ተብለናል።

እናቴ ዝም ብለሽ ፈርሚ ትላለች። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ምድር ባቡር ሠርቶ በጡረታ ነው ያረፈው፣ እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ወር ጠብቆ የሚገባ አስተማማኝ ገንዘብ የሱ ጡረታ ነው። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ እንክሰስ ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ «በዓለም ሁሉ እንደዚህ ሆኗል፣ ቋሚ የሚባል ነገር ቀርቷል፣ አትድከሚ» ይላል። ግራ ገባኝ። ምን ላድርግ?

ቢጫ ባጅ፣ ከሳቢያን

*

እህቴ፣

ሰኞ ስላለብሽ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ። የሥራ ውሉን ፈርሚ። ሁለተኛውን ወረቀት ግን እንዳለ አትፈርሚ።

ውሉን ፈርሚ ያልኩት ደመወዝሽ እንዳይቋረጥ ነው። የቀድሞ መብትሽን የሚነካው እሱ አይደለም፣ ሁለተኛው ነው። «ጥያቄ የለኝም» ብለሽ ከፈረምሽ በኋላ ነገ ጥያቄ ብታነሺ መጀመሪያ የሚመዘዝብሽ ያ ወረቀት ነው። ስለዚህ «ቀሪ ሒሳቤ ተሠርቶ ሲከፈለኝ ለተከፈለኝ ያህል እፈርማለሁ» በያቸው፣ በትህትና፣ ከተቻለ በጽሑፍ። ቀሪ ሒሳብ ደግሞ አለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። አገልግሎቱ ዓመት ያልሞላ ሰው እንኳን በሠራው ልክ ተሰልቶ ይታሰብለታል፤ ውሉ ሲቋረጥም ያልወሰደው ፈቃድ በገንዘብ ይከፈለዋል። «ዓመት መቼ ሞላሽ» ያሉሽ ሰዎች ይህን ሳይነግሩሽ ነው የቀሩት። በዚያ ላይ ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ትቼዋለሁ ብሎ ቢስማማ እንኳን ስምምነቱ በሕግ ዋጋ የለውም። ግድ ሆኖብሽ ብትፈርሚም ታዲያ ሁሉም ነገር አበቃለት ማለት አይደለም። ብቻ ሁለቱንም ወረቀት ሳትመልሺ በስልክሽ ፎቶ አንሺያቸው፣ ስትፈርሚም ቀኑን በእጅሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

አንቺም እናትሽም ወንድምሽም፣ ሁላችሁም ባጁን ነው የምታዩት። ሕጉ መጀመሪያ የሚያየው ሥራውን ነው። የአዋጁ አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። መነሻው ይሄ ነው፤ ቋሚነት በልመና የሚገኝ ነገር አይደለም። ለተወሰነ ጊዜ ማስፈረም የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች ደግሞ አንቀጽ 10 ለይቶ ያስቀምጣል። በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሰው ለመተካት፣ ሥራ ከመጠን በላይ ሲበዛ፣ ድንገተኛ ብልሽት ሲደርስ፣ በዓመት የተወሰነ ወቅት ብቻ ለሚሠራ ሥራ፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣ ሥራ፣ እንዲህ ያሉ ናቸው። እስቲ አንቺ ከየትኛው ነሽ? ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። ጆንያ የፋብሪካው ዋና ምርት ነው። የተካሽው ሰው የለም። አንቺ ራስሽ ቋሚ ሠራተኛ ታሠለጥኛለሽ። በስድስት ወር የተቆራረጠው ወረቀቱ ነው እንጂ ሥራው አልተቆራረጠም። በየመሀሉ ቤት የሚያስቀምጡሽ ጥቂት ቀናት ለማሽኑ እረፍት እንዳይደሉ ደግሞ እነሱም ያውቁታል፤ በወረቀት ላይ ክፍተት ለመፍጠር ነው።

አዎ፣ ኤጀንሲ መሀል መግባቱ ነገሩን ያወሳስበዋል። የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ራሱ ቀጥሮ ሠራተኛውን ለሌላ ድርጅት ማሰማራት እንደሚችል አዋጁ ያውቃል፣ ያ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ግን ኤጀንሲው አሠሪ ከሆነ የአሠሪ ግዴታ ሁሉ አለበት፣ አንቀጽ 9 እና 10 እሱንም ይመለከቱታል። ከሠራተኛው ላይ ደግሞ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም፤ «የምዝገባ» ወይም «የአገልግሎት» ተብሎ ከደመወዝሽ የተቆረጠ ካለ ደረሰኙን ፈልጊ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ፋብሪካው «የኔ አይደለችም» ይላል፣ የድሮው ኤጀንሲ «ውሌ አልቋል» ይላል፣ አዲሱ «ትናንት ነው የመጣችው» ይላል። ለዚህ ነው አንዱን ብቻ አትክሰሺ የምልሽ። ፋብሪካውም የድሮው ኤጀንሲም አብረው ይጠሩ። ማን ምን እንዳዘዘሽ የሚያሳይ ነገር ሰብስቢ፤ የሺፍት ፕሮግራሙ ላይ ያለው ስምሽ፣ ሱፐርቫይዘሩ በቴሌግራም የላከልሽ ትእዛዝ፣ ሥልጠና የሰጠሽበት ወረቀት፣ የባጅሽ ፎቶ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ስቴትመንት። ትእዛዙ ከፋብሪካው መጥቶ ክፍያው በኤጀንሲው በኩል ከሆነ ያ ልዩነት ለዳኛ ብዙ ይናገራል።

የሙከራው ጊዜ ነገር ደግሞ አለ። ሕጉ አንድ አሠሪ አንድን ሠራተኛ ለዚያው ሥራ መልሶ ሲቀጥር ሙከራ ውስጥ ማስገባት አይችልም ይላል። «አዲሱ ኤጀንሲ ሌላ አሠሪ ነው» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። አንቺ ግን ማሽኑም አዳራሹም ሱፐርቫይዘሩም ያው መሆኑን አሁኑኑ በጽሑፍ አስመዝግቢ።

ደንጊ የያዘሽ ጊዜም ያለ አግባብ ነው የቆረጡብሽ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ወባና ደንጊ በየጊዜው በሚመላለሱባት ከተማ ይህን መብት ቢጫ ባጅ ላለው ሁሉ መከልከል ጭካኔ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ወንድምሽ «በዓለም ሁሉ» ያለው ከእውነት የራቀ አይደለም። ህንድን ብቻ ብናይ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከተመዘገቡ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ነበር በኮንትራክተር በኩል የሚቀጠረው፤ ዛሬ ከአምስቱ ሁለቱ ደርሷል። ያውም እነሱ ጋ ዓመቱን ሙሉ በማይቋረጥ ሥራ ላይ የኮንትራት ሠራተኛ እንዳይገባ መንግሥት መከልከል የሚችልበት ሕግ በ1970 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ሕጉ እያለ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። እኔ ከዚህ የምወስደው የወንድምሽን «አትድከሚ» አይደለም። ሕግ አለ ብሎ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሠራተኛ ምን እንደሚገጥመው ነው የሚያሳየኝ።

ለፋብሪካውም ፍትሐዊ ልሁን። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር ሲጠፋ ማሽን ይቆማል፣ መብራት ሲሄድ ይቆማል፣ ቋሚ ሠራተኛ መቀነስም ወጪ አለው። ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ግን ትእዛዝ ሲበዛ ለጊዜው ሰው ለመጨመር አንቀጽ 10 በር ከፍቶላቸዋል። አራት ዓመት ሙሉ የሚቀጥል «ጊዜያዊ» ግን የገበያ ችግር አይባልም። የፋብሪካውን ስጋት በሙሉ ሽመና ክፍል ያለችው ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

እናትሽ የፈሩትን እረዳለሁ። ሸመንደፈር አንድን ቤተሰብ ዕድሜ ልክ እንዴት እንደያዘ ያዩ ሰው ናቸው፤ ድሬ ራሷ በባቡሩ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ግን በእርጋታ አንድ ነገር ንገሪያቸው፤ የአባትሽ ጡረታ ዛሬም ቤት የሚገባው አገልግሎቱ ሳይቆራረጥ ስለተመዘገበ ነው። ያንቺስ ተመዝግቧል? የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ ዕድሜው ሲደርስ ጡረታ ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልገዋል። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ሂጂና የገባልሽን አጣሪ። ተቆርጦብሽ ያልገባ ወር ካለ፣ ወይም ጭራሽ ካልተመዘገብሽ፣ ይህ ከፈቃዱም ከደንጊውም የሚብስ ጉዳት ነው።

ጓደኛሽ እንክሰስ ማለቷ ልክ ናት፣ ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ከአዳራሹ ቢጫ ባጅ ያላቸውን ሰብስቡ። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፣ ፋብሪካው ውስጥ ማኅበር ካለም መሪዎቹን «እኛንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በማኅበር መሳተፍም ሆነ አሠሪን መክሰስ ከሥራ ለማባረር ምክንያት ሊሆን አይችልም። መጀመሪያ የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጋ አመልክቱ፣ አመልክታችሁም ቁጥር ተቀበሉ። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለውም። ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን በጣም ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው በዚህ ነው የሚሸነፈው። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይዘጋል። ኤጀንሲው «እናየዋለን፣ ሰኞ ኑ፣ ኃላፊው የለም» እያለ ሲያመላልሳችሁ ቀኑ መቁጠሩን አያቆምም። ስለዚህ የድሮው ኤጀንሲ ውል ያለቀበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፊው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሒሳብሽን ሊከፍሉሽ ይገባል፣ የአራቱን ዓመት የሥራ ልምድ ወረቀትም ያለ ክፍያ ሊሰጡሽ ግዴታ አለባቸው። ልምዱ ላይ የሥራ መደብሽ «የሽመና ማሽን ኦፕሬተር» ተብሎ መጻፉን ሳታረጋግጪ ከቢሮው አትውጪ፤ «የቀን ሠራተኛ» ብለው ከሰጡሽ አስተካክሉልኝ በያቸው።

የሁለተኛውን ወረቀት ፎቶ ስምሽን ሸፍነሽ ብትልኪልኝ ቃሉን አይቼ መልስ እጽፍልሻለሁ። ከሰኞ በፊት ይድረሰኝ።